አሥራ ዘጠነኛዋ ቃል

አራሚዋ በዚያ ጋዜጣ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ በሥራው ጥርሷን ነቅላበታለች ቢባል ማጋነን አይደለም። የሰው ስም ትረሳ ይሆናል፣ የተሳሳተ ፊደል ግን አያመልጣትም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ስህተት ካየችበት ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድላትም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ "ሳታገባ የቀረችው እኮ የፍቅር ደብዳቤ ሲደርሳት አርማ ስለምትመልስ ነው" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። እንዲያውም እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አርማ መልሳ ታውቃለች።

ከሥራዋ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሰጣሉ፤ አንባቢው ሦስቱንም በውስጣቸው የያዙ ቃላትን ፈላልጎ፣ ጋዜጣው ላይ ያለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ቆርጦ በፖስታ ይልካል። ለሠላሳ ዓመት ያዘጋጁት የነበሩት አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። መጽሐፍ ሲገልጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም፣ ሁሉም ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ጋሽ መዝገብ የሚል ስም ወጣላቸው። ባለፈው ዓመት ሲሞቱ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ካርድ ትተው አለፉ። በያንዳንዱ ካርድ አናት ላይ ሦስት ፊደላት፣ ከሥራቸው ደግሞ መልሶቹ በዚያ በደቃቃ ጽሑፋቸው ተደርድረዋል። ጋዜጣው ለመጪዎቹ አሥር ዓመታት ጨዋታ አይቸግረውም።

የአራሚዋ ድርሻ ካርዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ከትልቁ መዝገበ ቃላት ጋር ማመሳከር ነው። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለ አይታተምም። እንዲህ ያለ ቃል ስታገኝ በቀይ ትሰርዘውና ከጎኑ ትፈርማለች፣ አለቀ። እሷ የሰረዘችውን ዋና አዘጋጁም ቢሆን አይመልሰውም። መመለስ የምትችለው ራሷ ብቻ ናት። ሐሳቧን ከቀየረች ከተሰረዘው ቃል ሥር፣ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ አንድ ነጥብ ታስቀምጥና ጠርዙ ላይ "ይቆይ" ብላ ትጽፋለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ "ይቆይ" ያለችው አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን በኩራት ታወራለች። ሰው የሚኮራበት ነገር አያልቅም መቼም!

ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ በደህናው ዘመናቸው የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን የለመዱት ከባሕር ማዶ የሚደወለውን ሲያገናኙ ነው፤ የሐሙሱን ጨዋታ ከልጃቸው ጋር እየተፎካከሩ ይሞሉ ነበር፣ ሲሸነፉም ያኮርፉ ነበር። ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ቢሮዋ ደወሉላት። ገጽ የሚዘጋበት ሰዓት ነበር።

"ልጄ" አሉ።

"እማዬ፣ ገጽ እየዘጋሁ ነው፣ ቆይቼ እደውልልሻለሁ" አለችና ስልኩን ጠረቀመችው።

ቆይታ ስትደውል የሚያነሳ የለም። ቤት ስትደርስ እናቷን ከስልኩ ጠረጴዛ ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸዋል፣ አንደበታቸውም አብሮ ተዘግቷል። ሐኪሙ "ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ማውጣቱ ነው ያቃታቸው" አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራሚዋን አንድ ጥያቄ እንደ ነቀዝ ይበላት ጀመር። ከ"ልጄ" ቀጥሎ ምን ሊሏት ነበር? ተራ ነገር ቢሆን እፎይ ትል ነበር። "ድረሺልኝ" ሊሉ ከነበረም ደግሞ ቁርጧን ማወቅ ትፈልጋለች። እናቷ ያቺን ያልጨረሷትን ነገር እንዲጨርሱላት ያላትን ሁሉ ብትሰጥ አይቆጫትም። ይህን ለሐኪሙም፣ እናቷን ለምትጠብቅላት አስታማሚም፣ ለፈጣሪም ነግራለች።

እንግዲህ ወደ ካርዱ እንምጣ።

የዚያ ሳምንት ፊደላት ጂ፣ ኤች እና ቲ ነበሩ። አራሚዋ ካርዱን ስታየው ደስ አላት፤ እነዚህ ፊደላት አንድ ላይ ሲገኙ ብዙ ጊዜ ጂውና ኤቹ ይጻፋሉ እንጂ አይነበቡም፣ አፋቸውን ዘግተው ቃሉ መሃል ይቀመጣሉ። ዝርዝሩን ወረደችበት። ላይት፣ ብርሃን፤ አለ። ዶተር፣ ሴት ልጅ፤ አለ። ቶት፣ ሐሳብ፤ አለ። እንዲህ እያለች አሥራ ስምንት ቃል አመሳከረች። አሥራ ዘጠነኛዋ ግን የለችም። ትልቁን መዝገበ ቃላት ሁለት ጊዜ አየች፣ የሕክምናውን አየች፣ የመርከበኞቹን አየች። የለችም። ዘጠኝ ፊደል ያላት፣ ስታዩአት የምታውቋት የምትመስል፣ ስትቀርቧት ግን ፊቷን የምታዞር ዓይነት ቃል ናት። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ባለመጻፌ ታመሰግኑኛላችሁ።

አራሚዋ "ጋሽ መዝገብም ለካ ይሳሳታሉ" አለችና ሰረዘቻት። ፈረመች። ጨዋታው ሐሙስ ወጣ።

በሳምንቱ ፖስታዎቹ መጡ። አርባ ሦስት ነበሩ። አራሚዋ እየቀደደች ስታነብ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ያቺ ቃል ተጽፋለች። አምስተኛውም ላይ አለች። ሰባተኛውም ላይ። ጨርሳ ስትቆጥር ሠላሳ አንድ ሰው፣ ከየአቅጣጫው፣ በሠላሳ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ያቺኑ ቃል ያለ አንዳች ስህተት ጽፏታል። ካርዱን ከእሷና ከሟቹ በቀር ያየው የለም።

ቅጹ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። የመጀመሪያውን ደወለች፤ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናቸው፣ ድምፃቸው የሞቀ።

"ስለ ጨዋታው ነው? አቤት የኔ እመቤት!"

"አንድ ቃል ጽፈዋል፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ አጣኋት" አለችና ፊደሎቿን አንድ በአንድ ጠራችላቸው።

"ኧረ እሷማ ማን የማያውቃት ቃል ናት!" ብለው ሳቁ።

"ትርጉሟ ምንድን ነው?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

"አንቺ... አታውቂያትም?" አሉ በሐዘኔታ። ከዚያ ስልኩን ቀስ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ዘጉት።

ሌሎች አራት ሰዎች ጋ ደወለች። አራቱም እንደዚያው ሳቁ፣ እንደዚያው ሳቃቸውን አቋረጡ፣ እንደዚያው አዘኑላት። የገጹን አዘጋጅ ጠርታ ካርዱን አሳየችው። አፉ የማያርፍ፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያጣ ጎልማሳ ነው።

"እትዬ፣ ይቺን ለምን ሰረዟት?" አላት።

"መዝገብ ላይ የለችማ።"

"ይቺማ ልጆች ሳለን..." ብሎ ጀመረና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ያዘ። የጀመረውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ፤ ያ ሰው ወሬ ጀምሮ ሲያቋርጥ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቷ ፊት የፕላስቲክ የእንግሊዝኛ ፊደላቱን ዘረገፈች። ሐኪሙ ግራ እጃቸውን እንዲያለማምዱበት ያዘዘላቸው ናቸው። በስምንት ወር ውስጥ ከመደርደር አልፈው ቃል ሠርተውባቸው አያውቁም። አራሚዋ እንደ ድሮው ጨዋታ ጂን፣ ኤችንና ቲን ለይታ ወደ እሳቸው ገፋች። ከተንኮል አይደለም፤ በልማድ ነው። እናቷ ሦስቱን አይተው ቀና አሉና ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ግራ እጃቸው መሥራት ጀመረ። አንዱን ሳበ፣ ሌላውን ገፋ፣ አንዱን አገላበጠ። ዘጠኝ ፊደል ደረደሩ።

ያቺው ናት።

ካርዱ ቢሮዋ ነው ያለው፣ ለእናቷም ትንፍሽ አላለችም። ይኼኔ እናቷ ከንፈራቸውን አራሱ፣ አፋቸውን ከፈቱና ቃሏን ጠሯት። ድምፃቸው ራሱ ነው፤ ያው የስልክ ቤቱ፣ ጥርት ያለው። ከስምንት ወር በኋላ!

አለቀሰች። ምን ታድርግ? ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። "እማዬ ድገሚልኝ፣ እማዬ ምንድን ናት፣ ምን ልትይኝ ነው?" አለቻቸው። እናቷ ደገሙላት። ቀስ ብለው፣ ለማይገባው ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ደገሙላት። ከዚያ ቃል ሌላ ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ደስታዋም ውስጥ አንድ ብርድ ገባ።

አስታማሚዋ ከወጥ ቤት በሩጫ መጣች። እናቷ ወደ እሷ ዞረው ያቺን ቃል አሏት። አስታማሚዋም ፈገግ ብላ ያችኑ ቃል መለሰችላቸውና ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው።

"ምን አለችሽ?" አለች አራሚዋ፣ ክንዷን ይዛ።

"ማን?"

"እማዬ! አሁን ምን አለችሽ?"

"ትራስ ነዋ፣ ጀርባዬን..." አለች አስታማሚዋ፣ ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። "አንቺ አልሰማሽም እንዴ እህቴ?" ዓይኗ ውስጥ ያችው ሐዘኔታ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ሆነ። እናቷና አስታማሚዋ ቀኑን ሙሉ በዚያች በአንዲት ቃል ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴም ይጨቃጨቃሉ። አስታማሚዋ መጀመሪያ ለአራሚዋ በደንቡ ትመልስ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን "ምሳ በላች?" ተብላ ስትጠየቅ የመለሰችው በዚያች ቃል ነው። ሌላ ቃል ከአፏ ለማውጣት ስትታገል አራሚዋ አይታታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንገቷ ይገታተራል፣ ከዚያ ያችው ትወጣለች፣ ፊቷም ይረጋጋል። የገጹ አዘጋጅም እንደዚያው ሆነ። ኮሪደር ላይ ከጸሐፊዋ ጋር ቆሞ በዚያች ቃል ቀልድ ሲያወራ፣ እሷም ሆዷን ይዛ ስትስቅ አገኘቻቸው። ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። አራሚዋን ያስፈራት ይሄ ነው፤ ቢያለቅሱ ይሻላት ነበር።

ቀጣዩ የፖስታ ክምር ሲመጣ ጨዋታው ተለውጧል፣ የተሰጡት ፊደላት ሌሎች ናቸው። ሃያ ሁለት ፖስታ ብቻ ነው የመጣው። የመጀመሪያውን ቀደደች። ቅጹ ላይ ሃያ መስመር አለ፤ ሃያውም መስመር ላይ ያችው ቃል ተጽፋለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከስድስተኛው በኋላ አልቀደደችም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አራሚዋ ነገሩን ያወቀችው ቀደም ብላ ነው፤ ማመኑን ነው ያዘገየችው። ሰው ሁሉ የገባው ነገር ለእሷ ብቻ ያልገባት እሷ ስለሰረዘቻት ነው። በገዛ እጇ፣ በቀይ ቀለም፣ ከነፊርማዋ፣ ቃሏን ከራሷ ላይ ሰርዛታለች። እናቷ በየቀኑ ይነግሯታል፣ እሷ አትሰማም። መመለስ ደግሞ የምትችለው እሷው ናት። ከመለሰቻት ምን እንደሚከተልም ታውቃለች፣ ሞኝ አይደለችም። ቃሏ የገባችው ሰው ሌላ ቃል አይኖረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ቃል ስትለቅም ለኖረች ሴት ይሄ ማለት ቤቷ ሲቃጠል ቆማ እንደማየት ነው። ሁለት ቀን አሰበችበት። በሁለቱም ቀን ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ያቺን ቃል እያሉ ዓይን ዓይኗን ያዩአታል፣ መልስ ይጠብቃሉ፣ መልስ ሲያጡም አንገታቸውን ይደፋሉ። አንጀቷን በሏት።

ረቡዕ ቀትር ላይ ካርዱን ከፋይሉ አወጣች። የቢሮውን በር ዘጋች። ቀይ ብዕሯን ከፈተችና ነጥቦቹን ከማስቀመጧ በፊት አሥራ ስምንቱን ቃላት ጮክ ብላ አነበበች። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ሰው መንገድ ሲሄድ ቤተሰቡን እየዞረ እንደሚስም ይመስለኛል። ላይት፣ ብርሃን። ዌይት፣ ክብደት። ድራውት፣ ድርቅ። ዶተር፣ ሴት ልጅ፤ ይህችን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ሲያልቁ አሥራ ዘጠነኛዋ ሥር ነጥብ ማስቀመጥ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛዋን ነጥብ አስቀምጣ ጠርዙ ላይ "ይቆይ" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ምንም አልሆነም። መብራት አልጠፋ፣ መስኮት አልተንኳኳ። የብዕሯን ክዳን ገጠመች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ትኬት ቆራጩ የፌርማታዋን ስም ሲጠራ ተነስታ ወረደች። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው የጠራው ያችኑ ቃል እንጂ የፌርማታውን ስም እንዳልነበረ የታወሳት።

በሩጫ ደረጃውን ወጣች። እናቷ ወንበራቸው ላይ፣ ከስልኩ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያዩአት ፊታቸው በራ። ያቺን ቃል አሉ።

ገባት። ሳታስብ፣ ሳትፈታ፣ አማርኛ እንደሚገባት ገባት።

"ልጄ፣ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዳትደነግጪ። ግን ቶሎ ነይ።"

እናቷ እንደገና ያንኑ አሉ፣ በዚያው ድምፅ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ እንዳትደነግጪ፣ ቶሎ ነይ። ንዴት የለበትም፣ ወቀሳ የለበትም። አሁንም ያንኑ ስልክ እየደወሉ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሲደውሉ ነበር፣ ልጃቸው እስክታነሳው ድረስ።

አራሚዋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ደረቷ ውስጥ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ቆሟል። መጣሁ እማዬ። ያን ቀን ልዘጋብሽ አይገባም ነበር። ይቅር በይኝ። እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። አፏን ከፈተች። ያች ቃል ወጣች።

እናቷ በጥሞና ሰሟት። ከዚያ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ቀነሰ። ያን ረቡዕ "ገጽ እየዘጋሁ ነው፣ ቆይቼ እደውልልሻለሁ" እንደተባሉት ሁሉ፣ "እሺ" በሚል ዓይነት አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ደህናውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና መጠበቅ ጀመሩ።

"እንደሱ አይደለም" ልትላቸው ፈለገች። ቃሏን ደገመችላቸው። ትከሻቸውን ይዛ፣ እያለቀሰች፣ እየጮኸች፣ አሁንም አሁንም ደገመችላቸው። እናቷ በያንዳንዱ ጊዜ በትዕግሥት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጠብቃሉ።